የአባቴን ካፖርት ቀድጄ ካርታ ዘረጋሁበት!

እናንተዬ፣ ሰው በሟች አባቱ ካፖርት ላይ ካርታ ይዘረጋል? ቆይ፣ ቆይ! ጋዜጣውን ጠቅልላችሁ ከመወርወራችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙኝ። ቁማርተኛ አይደለሁም። በካርታ የማንንም አምስት ሳንቲም በልቼ አላውቅም። እኔ የምሠራው የእጅ ምትሃት ነው፤ አራዶቹ "ማጂክ" የምትሉት። እሱም ቢሆን መድረክ ላይ ርግብ የሚያበርረውን፣ ሴትዮዋን በመጋዝ ለሁለት የሚገምሰውን ዓይነት አይደለም። ሦስት አራት ሰው ጠረጴዛ ከቦ፣ ትንፋሹ እጄ ላይ እያረፈ፣ እዚያው አፍንጫው ሥር ሳንቲም የሚጠፋበትን፣ መርጦ የመለሰው ካርታ ተመልሶ ከላይ የሚገኝበትን ነው። ካፖርቱ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እሱ የሚገባችሁ መጀመሪያ ሞጣ ላይ እንዴት እንዳፈርኩ ስነግራችሁ ነው።

"ስንት ነው የሚያስይዘው?"

ትውልዴም እድገቴም ብቸና ነው። ካርታ መበወዝ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከአንድ የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ የቀረውን ከስልክ ቪዲዮ ለቃቀምኩት። ስመረቅ መምህር ሆኜ ሞጣ ተመደብኩ። ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነው። ብቸናንና ሞጣን አንድ መንገድ ነው የሚያገናኛቸው፤ ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ፣ ከዚያም ባሕር ዳር የሚዘልቀው። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ያሉ ደጋ ከተሞች ናቸው። ሲመሽ ብርዱ ቀልድ አያውቅም፤ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ሻይ ቤት ይሰበሰባል። የሻይ ቤት ሰው ደግሞ ጨዋታ ይወዳል። "ይኸውልህ ተመልካች!" አልኩ በሆዴ።

አንድ ምሽት ወኔዬን ሰብስቤ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁ። ጠረጴዛው በቆርቆሮ የተለበጠ ነው። ሳንቲሙን ከቀኝ ወደ ግራ ያስተላለፍኩ መስዬ እዚያው ቀኝ እጄ ውስጥ ደበቅኩት። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነበር። ከዚያ ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ ሳንቲሙ ቆርቆሮውን ነካና "ቃ!" አለ። ምን ዋጋ አለው? ቤቱ በሙሉ የት እንዳለ ሰማ። "እሺ፣ እሱን ተዉት፣ ካርታውን እዩ" ብዬ አራት ካርታ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጌ ደረደርኩ። አንዷን ላነሳ ብል ጥፍሬ ሥሯ አልገባ አለ። ካርታ ቆርቆሮ ላይ ሲተኛ እንደ ቴምብር ነው የሚለጠፈው። እንደ ዶሮ ጭሬ ጭሬ ሲያቅተኝ እየገፋሁ እስከ ጠረጴዛው ዳር ወሰድኳትና ከዚያ አነሳኋት። አቤት ምትሃት!

ሳቁን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ከኋላ የመጣውን ድምፅ ነው። "ስንት ነው የሚያስይዘው?" አለ አንዱ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ። ቁማር መስሎታል! አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ደግሞ አማተቡና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ምሽት ለአንዱ ቁማርተኛ፣ ለሌላው መተተኛ ሆኜ ቁጭ!

በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ቢሮው አስጠራኝ። "መምህር፣ ካርታ ታጫውታለህ የሚባለው እውነት ነው ወይ?" ምትሃትና ቁማር አንድ እንዳልሆነ፣ ምትሃትና መተትም አንድ እንዳልሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። ይህ ጨዋታ የቆየ መሆኑን፣ የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ እንኳ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በጽዋና በጠጠር ስለሚያታልሉ ሰዎች አንስቶ፣ ደስ የሚለው መታለሉ ራሱ እንደሆነ መጻፉን ነገርኩት። አለቃዬ ረጋ ብሎ ሰማኝና "ጥሩ፤ ግን ሴኔካ የወላጅ ኮሚቴ አባል አይደለም" አለኝ። ምን እላለሁ? ወጣሁ።

ዓይኔን የገለጡልኝ የግቢው ዘበኛ ናቸው። ማታ ማታ ቤታቸው በር ላይ ቁጭ ብዬ ስለማመድ ያዩኛል። "ይኸውልህ መምህር" አሉኝ አንድ ቀን፣ "ጥፋቱ ከካርታው አይደለም። ካርታ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲወርድ፣ ቀጥሎ ብር የሚወርድ ነው የሚመስለው።"

እውነታቸውን ነው! መናኸሪያ አካባቢ ሦስት ካርታ እያገላበጡ የባላገሩን ኪስ የሚያራቁቱትን አስታውሱ። ምን ላይ ነው የሚጫወቱት? ካርቶን ላይ። ለምን? ፖሊስ ብቅ ሲል በእግር ገፍተውት ሊሮጡ ነዋ! በቪዲዮ የማያቸው የምትሃት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ፊታቸው ወፈር ያለች፣ ዳሯ የተዋበ ትንሽ ምንጣፍ አለች። አንጥፈው፣ አስተካክለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ነው የሚጀምሩት። የሚሮጥ ሰው አይመስሉም። አርጀንቲናዊውን ሬኔ ላቫንድን ያየ ያውቀዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 ተወልዶ በ2015 ያረፈ ሰው ነው። በ9 ዓመቱ መኪና ገጭቶት ቀኝ እጁን አጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ግራ እጁ ካርታ ሲሠራ ኖረ። አንድ እጅ ያለው ሰው የዘረጋውን ካርታ የሚይዝለት ሌላ እጅ የለውም፤ የሚይዝለት ጠረጴዛው ላይ ያለው ጨርቅ ነው። እሱን ካየሁ በኋላ "ምንጣፍ ጌጥ ነው" ማለቴን ተውኩ።

የምንጣፏ ሥራ ሲታይ ቀላል ነው። ከላይ ያለው ጨርቅ ካርታው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከሥር ያለው ለስላሳ ነገር ደግሞ የካርታውን አንድ ዳር ጫን ስትሉት ሰመጥ ይልላችኋል፤ ያኔ ሌላው ዳር ብድግ ይላል፣ ጣታችሁ ይገባል። ሳንቲም ቢያርፍበትም ድምፁን ይውጠዋል። የውጭዎቹ ከሥራቸው ኒዮፕሪን የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ አላቸው፤ በ1930 አሜሪካን አገር የተፈጠረ ነው፣ የጠላቂ ዋናተኞች ልብስ የሚሠራውም ከእሱ ነው። መካከለኛዋ 40 በ58 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች፣ ትንሿ 28 በ40 ገደማ። እኔ ያየኋት 30 ዶላር ትላለች። ያኔ ዶላሩ 27 ብር ገደማ ነው፤ ማስመጫው ሳይቆጠር ከ800 ብር በላይ ማለት ነው! (ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር መቶ ብርን አልፎ ስለሄደ የዛሬውን ስሌት እናንተው ሥሩት፤ የእኔ ልብ አይችለውም።) የጀማሪ መምህር ደመወዝ እየበላሁ ይህን ለጨርቅ? በቃ፣ ራሴ እሠራታለሁ አልኩ።

መጀመሪያ ፎጣ አነጠፍኩ። የፎጣ ክር ቀለበት ቀለበት ስለሆነ የካርታውን ጥግ እየያዘ አንገላታኝ። ቀጥሎ ከአከራዬ አጎዛ ተዋስኩ። አትሳቁ! ሳንቲሙ ከበጉ ፀጉር ውስጥ ገብቶ የምር ጠፋ፤ በዕድሜዬ ያለ ምንም ማታለል ያጠፋሁት ሳንቲም እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ግማሽ ሜትር ቀይ ከፋይ ገዛሁ። ሲያዩት ያስጎመጃል። ከፋይ ግን ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን የተኛ ነው፤ ካርታውን ወደ ቀኝ ስዘረጋው ቅቤ፣ ወደ ግራ ስመልሰው ጋሬጣ። ደግሞ ጣት ያረፈበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይቀርበታል። ሚስጥር ለሚደብቅ ሰው ይህ ምን ይሉታል? ከሥሩ ያደረግኩት የፍራሽ ስፖንጅም የአውራ ጣት ውፍረት ነበረው፤ ጫን ስለው ካርታውም ሳንቲሙም እጄም አብረው ይሰምጣሉ። የደጋውን ባናም ሞክሬያለሁ። ሙቀቱን አልክድም፤ ለብሼው አድሬያለሁ። ግን በእጅ የተፈተለ ስለሆነ ክሩ ወጣ ገባ ነው፣ ፀጉሩም ካርታው ላይ ይራገፋል።

በመጨረሻ የሚያስፈልገኝ ገባኝ፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ፣ ጠጉሩ ያጠረ፣ ለብዙ ዓመት የተለበሰ ሱፍ። የሱፍ ፀጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቀት፣ እርጥበትና መታሸት ሲያገኘው ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ጨርቁ ይጠብቃል። አሮጌ ካፖርት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። እኔ ደግሞ አንድ አሮጌ ካፖርት የት እንዳለ አውቃለሁ።

ብል

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። እሱና እናቴ አብረው ነው ገበያ የሚውሉት። ከመርካቶ የገዛው ጥቁር ግራጫ ካፖርት ነበረው፤ ክረምት ከበጋ ማለዳ ሲወጣ ይለብሰዋል። እኔ ሞጣ ስመደብ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አርባው ሲወጣ እናቴ ልብሱን በሙሉ ለነዳያን ሰጥታለች። ካፖርቱን ግን ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም፣ እሷም አልነገረችንም። እኔ ለራሴ ምን ብዬ እንደነገርኩት ታውቃላችሁ? "ረስታው ነው!"

ጥር ላይ ለዕረፍት ብቸና ገባሁ። እሁድ ጠዋት እናቴ ቅዳሴ በሄደችበት ሳጥኑን ከፈትኩ። ካፖርቱን አልጋ ላይ ዘርግቼ እንደ ልብስ ሰፊ አገላብጬ አየሁት። ጀርባውን መሃል ለመሃል ልቀድ ብል ስፌት ያልፍበታል፤ ስፌት ላይ ካርታ ይደናቀፋል። ከፊት ኪስና የቁልፍ ቀዳዳ አለ። ደህና ሆኖ የተገኘው ከወገብ በታች የግራ ጀርባው ነው። ለካሁት፤ 28 በ40 ያወጣል። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ መቀሱ ግን ስለታም ነበር። ቀደድኩት።

የታችኛውን እጥፋት ስተረትር ከገበሩና ከሱፉ መሃል የሆነ ነገር ጭኔ ላይ ፍስስ አለ። ነጭ ጤፍ ነው። ኪሱ ቀዳዳ ነበር፤ አባቴ ለገዢ የሚያሳየውን እፍኝ ጤፍ በከተተ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየሾለከ እጥፋቱ ውስጥ ሲጠራቀም ኖሯል። ጭኔን ሳላንቀሳቅስ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ጤፉን በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ፤ ካፖርቱንም የጎደለውን ወገን ወደ ውስጥ አጥፌ መለስኩት።

ለካስ እናቴ በየዓመቱ በጋ ሲሆን ሳጥኗን ታናፍሳለች። ይህን እኔ ነኝ የረሳሁት። በማግስቱ ከውጭ ስገባ ካፖርቱ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ግራ ጎኑ ጎድሎ፣ ገበሩ ተንጠልጥሎ። እናቴ ከሥሩ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ቀና ብላም አላየችኝ። ጎረቤታችን ገባችና፣

"ውይ እትዬ! ካፖርቱን ምን ነካው?" አለች።

"ብል በላው" አለች እናቴ።

ብል እንዲህ ባለ አራት ማዕዘን አድርጎ አይበላም፤ ጎረቤታችንም ዓይን አላት። ካፖርቱን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። "አይ ብል! ክፉ ነው" ብላ ተቀመጠች። ካፖርቱ እስኪመሽ ከገመዱ አልወረደም። ለቡና የመጣ ሁሉ ይጠይቃል፤ መልሱ ለሁሉም አንድ ነው። ያን ቀን አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ሬት ሬት አለኝ። እህቴማ እስከ ዛሬ ስትጠራኝ "ብሉ" ነው የምትለኝ።

ሞጣ ስመለስ ቁራጩን መጽሐፍ መሃል ከተትኩትና ሦስት ሳምንት ሳልነካው ቀረሁ። ማየትም አስጠላኝ። በመጨረሻ ስልክ ደወልኩ።

"እምዬ፣ ያ ካፖርት..."

"ምን ሆነ?"

"ይቅርታ። እኔ ነኝ የቀደድኩት።"

"ይሄን ልትነግረኝ ነው ለስልክ ብር የምታወጣው? ለምን እንደቀደድከው ንገረኝ እንጂ።"

ነገርኳት። ስለ ሻይ ቤቱ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ዘበኛው። ዝም ብላ ሰማችኝ።

"ለቁማር አይደለም?"

"አይደለም እምዬ፣ ሙት!"

"እንግዲያው ምን አስቀምጠህ ታየዋለህ? ቀዶ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው? ሥራበት!" ብላ ዘጋችው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እስካሁንም አላለችም።

አሠራሩ

ከዚህ ወዲያ ያለው ለእናንተም ይጠቅማል። አደራ ታዲያ፣ ጨርቁን ከመቅደዳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ! ሰልባጅ ተራ ብትወርዱ እጅጌው ያለቀ፣ ክሳዱ የተበላ የሱፍ ካፖርት በርካሽ አታጡም፤ ጀርባው ደህና ይሁን እንጂ ሌላው ምን ያደርግላችኋል? ሻጩ "ሱፍ ነው" ስላላችሁ ብቻ አትመኑት። አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ የተረፈውም በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። ናይለን ከተቀላቀለበት ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። እሱን ተዉት።

ጨርቁን ከመለካታችሁ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና አሽታችሁ እጠቡት። ይኮማተራል፤ እንዲኮማተር ነው የምንፈልገው። ከደረቀ በኋላ እርጥብ ጨርቅ ደርባችሁ በካውያ ተኩሱት። ይህን ትታችሁ መጀመሪያ ለክታችሁ ብትቀዱ በኋላ ምንጣፋችሁ መሀረብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሜትር ከሌላችሁ በስንዝር ሂዱ፤ ሁለት በሦስት ስንዝር ለካርታም ለሳንቲምም ይበቃል።

የታችኛውን ጎማ ያገኘሁት ጎሚስታ ቤት ነው። ከጥቅም ውጭ የሆነ የአይሱዙ ካላማዳሪ ጠይቄ በነፃ ሰጠኝ። ካላማዳሪ ውስጡ ዱቄት ዱቄት የሚል ነገር አለው፤ እሱ ካልታጠበ ማስቲሽ አይዝም። በኦሞ ደጋግሜ አጠብኩት፣ የሚለጠፈውን ወገን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አደረግኩት። ደግሞም ክብ ሆኖ የኖረ ነገር ስለሆነ ልዘርጋህ ሲሉት ይጠቀለላል፤ ፍራሼ ሥር ሁለት ሌሊት ተኛሁበት። ከጎማውና ከሱፉ መሃል የሚገባው ስፖንጅ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ስስ ስፖንጅ በነፃ ስለሚገኝ ያጓጓችሁ ይሆናል፤ እሱን ማስቲሽ አይዘውም፣ ማታ ለጥፋችሁ ጠዋት ተላቆ ታገኙታላችሁ።

ማስቲሹ ላይ ነው ጥንቃቄው። እኔ ትዕግሥት አጥቼ አንዱን ስፖንጅ ድራሹን አጠፋሁት። ብዙ ስለቀባሁት ስፖንጁ ጠጣና ሲደርቅ እንደ ድርቆሽ ሆነ። ሁለቱንም ወገን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ 10 እና 15 ደቂቃ ጠብቁ። በጣት ሲነኩት የማይጣበቅ ሲሆን ያን ጊዜ ደርሷል። ከዚያ ምሕረት የለውም! አንዴ ከተነካካ "ትንሽ ወደዚህ ላድርገው" ብሎ ነገር የለም። ከአንድ ዳር ጀምራችሁ በጠርሙስ እያዳመጣችሁ ሂዱ። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ሽታው ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይወዳል። እኔ ደጃፍ ላይ ስቀባ አከራዬ ቡና ልትቆላ ከሰሏን ይዛ ብቅ አለች። እንዴት ብዬ እንደጮህኩ! ደንግጣ ምድጃውን ልትጥለው ነበር። ሲያልቅ ጣውላ ጭናችሁበት ይደር።

ጥግ ጥጉን ሹል አታድርጉት፤ ቶሎ ይላቀቃል። እኔ የቡና ሲኒ ደፍቼ ዙሪያዋን በጠመኔ አሰመርኩና በአዲስ ምላጭ ቆረጥኩት። ዳሩን ለማስዘምዘም ልብስ ሰፊ ዘንድ ስሄድ ግን "መርፌዬን ልትሰብር ነው?" ብሎ መለሰኝ። ጎማው ነው ያስቸገረው። ጎማውን በዙሪያው አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ቀነስኩለትና ሱፉንና ስፖንጁን ብቻ ዘመዘመልኝ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ጎማውን መጀመሪያውኑ አሳጥሬ እለጥፈው ነበር፤ እናንተ እንደዚያ አድርጉ። ሳንቲም ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልጋችሁም፤ የኮምፒዩተር ማውስ ፓድ ራሱ ከላይ ጨርቅ ከታች ጎማ ነው፣ ለአንድ ሰው ልምምድ ይበቃል።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ማስቲሹ 35፣ ስፖንጁ 15፣ ሰፊው 20፣ በድምሩ 70 ብር። በ2010 ዓ.ም. ብር ነው ታዲያ። ካፖርቱን አልቆጠርኩትም፤ ስንት ብዬ እቆጥረዋለሁ?

እናላችሁ፣ አንድ ምሽት እዚያው ሻይ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ምንጣፏን ብቻ አነጠፍኩና ሻይ አዘዝኩ። ካርታ አላወጣሁም። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ "ይቺ ምንድን ናት?" ማለት ጀመረ። "ልትሸጣት ነው?" ያለም ነበር። "አይ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ ነው" ስል ወንበሩን እየጎተተ መጣ። ሳንቲሙ እጄ ውስጥ ሆኖ ጨርቁ ላይ አረፈ፤ ጭጭ። ካርታዋን ጫን ሳደርጋት ዳሯ ብድግ አለችልኝ። ያን ዕለት ስንት እንደሚያስይዝ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ያ ያማተቡት ሽማግሌ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሻያቸውን ጠጡ። አለቃዬም ሌላ ቀን በር ላይ ቆሞ ትንሽ አይቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቢሮው አልጠራኝም።

ለፋሲካ ምንጣፏን ይዤ ብቸና ገባሁ። ጾም ተፈትቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናቴ ፊት ዘረጋኋት። በመጀመሪያ ያን በወረቀት የጠቀለልኩትን ጤፍ ሰጠኋት፤ ከየት እንዳገኘሁትም ነገርኳት። ፈትታ አየችው፣ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። "ማኛ ነው" አለች። ከዚያ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ምንጣፏን እጇን አሳርፋ ወደ ላይ ወደ ታች አሸቻት። ገልብጣ ጎማውን አየች። ዳሯን በጥፍሯ ሞከረች። "ሰፊው ክሩን አላጠበቀውም" አለች። ቀጥላም፣ "በል እንግዲህ አሳየኝ" አለችኝ።

ሳንቲሙን አወጣሁ። እንደዚያን ቀን አድርጌ ሠርቼ አላውቅም። ከቀኝ ወደ ግራ አስተላለፍኩት፣ ቀኝ እጄ ጨርቁ ላይ ኮሽ ሳይል አረፈ፣ ግራዬን ጨብጬ ዘረጋሁላት።

"የት ነው እምዬ?"

"በቀኝህ ነዋ!"

እህቴ ሳቋን ለቀቀችው። "እንዴት አወቅሽ?" አልኩ።

"ሠላሳ ዓመት ገበያ ቆሜ፣ በቁናም በሚዛንም ሲያታልሉ ያየሁ ሰው ነኝ" አለች። "እጅህንማ መች አየሁትና! ትከሻህ ነው የነገረኝ። የያዝክበት ትከሻ ከፍ ይላል።"

ሌሊት ሁሉም ሲተኛ መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩት። እውነቷን ነው፤ ከፍ ይላል። እስከ ዛሬም እየታገልኩት ነው።